የዘምዘም ጎታ

ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ሲከርም የሚያወጣው የሚኮመጥጥ ሽታ አለ። ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል፤ እኔን ግን ሽታው በመጣ ቁጥር መቀመጫ ያሳጣኛል። በቀደም ለታ ደሴ ዳር ወደማሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሄጄ፣ ሠራተኞቹ ለምርጊት ያከረሙትን ጭቃ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሲረግጡት ሽታው ተነሥቶ መጣና፣ አናጢው ስለ መስኮቱ የሚጠይቀኝን አንዱንም ሳልሰማ፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚያየው ተዳፋት ላይ የነበረው ቤታችን ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ። ቤታችን እላለሁ እንጂ፣ ቤታችን ለማለት ምን ያህል እንደፈጀብን እኔ ነኝ የማውቀው።

አባቴ ደምሴ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የገበሬ ልጅ ሆኖ ተቀምጦ የሚሠራ ሙያ ይማር እንጂ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እግሩ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ዓይኑ ደጅ ደጁን ያይ ነበር፣ የጀመረውን ሱሪ ሳይጨርስ ተነሥቶ የጎረቤት አጥር ሲያቃና ይገኝ ነበር። ድርቁ የገባ ዓመት ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ፤ የራበው ሰው ምን ብሎ ልብስ ያሰፋል። አባዬ ሥራ ፈትቶ ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ ወደ እህል ተራው ሲያይ ይውል ጀመር፣ እህል ተራው ላይ ደግሞ ከአቧራ በቀር የሚታይ አልነበረም። በመጨረሻ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፈን የእርዳታ ስንዴ ተቀበልን። አባዬ ያንን ሰልፍ ሊረሳው አልቻለም። ከዚያን ቀን ወዲያ ከአፉ የማይጠፋው ንግግር አንድ ብቻ ነበር፤ ከጨውና ከላምባ በቀር ከገበያ የምገዛው ነገር አይኖርም ይል ነበር።

በዚያው ዓመት ብዙ ገበሬ በሰፈራ ተጭኖ ወደማያውቀው ቆላ ሄዶ ስለነበር፣ በየገጠሩ ባዶ ቤት ሞልቶ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የአባዬ የአክስቱ ልጅ ነበርና፣ አሊ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከዘምዘምና ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ትቶት የሄደውን ቤትና መሬት ለአባዬ ሰጠው። እናቴ ስንዱ፣ ተመልሰው ቢመጡስ ብላ ሊቀመንበሩን ስትጠይቀው፣ ከዚያ ተመልሶ የመጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ ብሎ ሳቀባት። አባዬ ጊዜ አላጠፋም፤ መኪናውን ለአንድ የወረኢሉ ልብስ ሰፊ ሸጠና እዚያው ወረኢሉ ገበያ ላይ ጥንድ በሬ ገዝቶበት መጣ። እማዬ በሬዎቹን አየቻቸው፣ መኪናው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየችው፣ ከዚያም፣ ባለቤቶቹ የመጡ ቀን እንግዲህ ሜዳ ላይ ነን አለችው። ይህን የተናገረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ዓመታት ሙሉ በጆሮዬ ይዤው ኖርኩ።

የተነሣነው ግንቦት ላይ ነው። አህያው ላይ ዕቃ ሲጫን እማዬ ሦስቱን ጉልቻዎቿን ከማድቤቱ ነቅላ በጆንያ አድርጋ አመጣቻቸው፣ ሊያጫጭን የመጣው ሰው ሁሉ፣ ድንጋይ ወደ ድንጋይ አገር ልትጭን ነው እያለ ሳቀባት። የሠርጓን የእንጨት ሳጥን ደግሞ በጠፍር ግጥም አድርጋ አስራው ነበር። ስንደርስ አረሙ ደጁን ውጦት፣ ጣሪያው በአንድ ወገን ተንጋዶ አገኘነው። ከቤቱ መካከል የዘምዘም ጉልቻዎች እንደጠቆሩ ነበሩ፣ ከጥጉ ደግሞ አንድ ትልቅ ጎታ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ባዶውን ቆሞ ነበር። በጎታው ከንፈር ዙሪያ ዘምዘም ጭቃው ሳይደርቅ ለጌጥ ብላ በጣቷ የጫነቻቸው ምልክቶች ይታዩ ነበር፤ ጣቶቼን ባስገባባቸው ሰፉኝ።

እማዬ በዘምዘም ጉልቻ ላይ እሳት አላነድም አለች። የራሷን ጉልቻዎች ከቤቱ ጎን ባለች ዳስ ሥር ተከለቻቸውና፣ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ እጇ ቁራጭ ቆርቆሮ ከልላ በአንድ እጇ ታማስል ነበር። አባዬ ድንጋይ እኮ ነው ቢላት፣ ድንጋይ መሆኑ መች ጠፋኝ፣ የሰው ትዳር ነው አለችው። ሳጥኑንም አልፈታችውም፤ ነጠላ እንኳ ቢያስፈልጋት ከጎረቤት ትዋስ ነበር እንጂ ያንን ጠፍር አትነካውም ነበር። ጭቃ አቡክታ ያከረመች ጊዜ ደግሞ፣ ነፋስ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ታናሽ ወንድሜን ካሳን ሲያስለው እየሰማች፣ ግድግዳውን ትታ መጀመሪያ የዘምዘምን ጎታ መረገችው። አባዬ ነደደው፣ በሩን ወርውሮ ወጣ። እኔ ጭቃውን አቀብላት ነበር፣ ሽታው ከእጄ ቀን ሙሉ አልለቅ አለኝ።

ሰኔ ሲገባ ጎረቤታችን ሸህ ሰይድ ጅጌ ጠሩልን። ሸህ ሰይድ ቀጭን ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚታረቀው፣ ሲጨንቀው ዱዓ የሚያስደርገው እሳቸው ዘንድ ነበር። በጅጌ ሰው በሬውንና ጉልበቱን ይዞ ሲመጣ ባለ እርሻው ማብላት ነበረበት፣ እኛ ግን የምናበላው ስላልነበረን ሸህ ሰይድ ምግቡንም ከየቤቱ አዋጡልንና፣ አባዬን ትከሻውን እየመቱ «አብሽር፣ አይዞህ» አሉት። አባዬ እርፍ ከጨበጠ ብዙ ዘመኑ ነበርና ትልሙ እንደ እባብ ይጣመምበት ነበር፤ የድንች መደብ ሲያወጣ ደግሞ ከሙያው የቀረችውን ሜትር ከአንገቱ አውልቆ መሬቱን እየለካ ነበርና፣ ለመሬቱ ሱሪ ሊሰፋለት ነው እያሉ ዓመቱን ሙሉ ተሳሳቁበት። እሱ ግን አይሰማም፤ የምንጩን ውኃ በቦይ አመጣለሁ ብሎ ሲቆፍር፣ ሳይጨርስ ተልባ ዘርቶ ዘይት ሊጨምቅ ሲያስብ፣ ቀፎ ሰቅሎ ንቦቹ ሲገቡለት ጭስ አብዝቶባቸው ወደ ገደሉ ሲያባርራቸው ክረምቱ አለቀ። እኛም ከኋላው ስንሮጥ አለቅን።

ኅዳር ላይ ገብሱ ደረሰ። አባዬ የመጀመሪያውን ምርት ከአውድማ ሲያስገባ ያየሁበትን ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም፤ እህሉን በእጁ እየዘገነ ይለቅ ነበር፣ ይዘግንና ይለቅ ነበር። እማዬ ቁናውን ይዛ መስፈር ጀመረች። ሦስቱን ቁና ወደ እኛ ጎታ ገለበጠች፣ አራተኛውን ተሸክማ ሄዳ በዘምዘም ጎታ ጨመረች። አባዬ የተሳሳተች መስሎት ነበር፤ እንደገና ሦስት ሰፍራ አራተኛውን ይዛ ስትሄድ ግን ገባው።

«ጭሰኛ አደረግሽኝ በይኛ። ንጉሡ ወርዶ፣ ባላባት ቀርቶ፣ መሬት ላራሹ በተባለበት አገር፣ እኔ ለማላያት ሴት ልገብር?»

«መሬቱን መንግሥት ሰጠህ፤ እሺ» አለችው መስፈሯን ሳታቆም። «ዘምዘም ግን አልሰጠችህም።»

ቀልድ አልነበረም። የመሬት ጌታ ድርሻ የሚባል ነገር በአዋጅ ቀርቷል፣ ካድሬዎቹ ቢሰሙ የባላባት ሥርዓት ልትመልሱ ነው ብለው ሊያስሩን ይችሉ ነበር፤ ከዚያም ሌላ ያ አራተኛ ቁና የኛ የአራት ነፍስ ቀለብ ነበር። አባዬ ተናደደ፣ ለመነ፣ አኮረፈ። እሷ ሰፍራ ጨረሰችና የጎታውን አፍ በጭቃ መረገችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ ጎታውን «እሜቴ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ጠዋት ሲነሣ ጎንበስ ብሎ፣ እሜቴ እንደምን አደሩ፣ ጭሰኛዎ ወደ እርሻ ሊወርድ ነው ይላት ነበር፣ እኔና ካሳ በሳቅ እንሞት ነበር። እማዬም ፊቷን አዙራ ትስቅ ነበር።

በጋው ለእኔ ከሁሉ የከፋ ወቅት ነበር። ክረምት ላይ የዓባይ ገደል በጉም ይዘጋል፣ ማንም አይመጣም፤ በጋ ሲሆን ግን መንገዱ ይከፈታል፣ ከሰፈራ እያመለጡ በረሃውን አቋርጠው በእግራቸው የሚመለሱ ሰዎች ወሬም አብሮ ይመጣል። በወግዲ በኩል ሁለት ቤተሰብ ገባ ይባላል፣ አንዲት ሴት በመንገድ ቀረች ይባላል። እኔ ውኃ ስቀዳ ጀርባዬን ለምንጩ ሰጥቼ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ነበር የምቀዳው፣ እንስራው ሞልቶ ሲፈስ አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ለእመቤታችን የምጸልየው ጸሎት ዘምዘም እንዳትመጣ ነበር፣ እማዬ ደግሞ ከጎኔ ተንበርክካ በሰላም እንድትመልሳት ትለምን ነበር፤ እመቤታችን ማንኛችንን እንደምትሰማ እየፈራሁ እተኛ ነበር።

በሁለተኛው በጋ ሊቀመንበሩ ከአንድ ካድሬ ጋር የኮታ እህል ሊያስገቡ መጡ። ካድሬው ቤቱን ዞሮ አየና የዘምዘምን ጎታ በዱላው ነካ አድርጎ ይኼስ የማነው አለ። እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል አባዬ ቀደማት፤ የዘር ነው ጓድ፣ ለከርሞ ያስቀመጥነው አለ። ሲሄዱ አባዬ መደቡ ላይ ዘፍ ብሎ ላቡን ጠረገና፣ እሜቴ፣ ለእርስዎ ስል ዋሸሁ እንግዲህ አላት። የቀልዱ ድምፅ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

መስከረም ላይ በረዶ ጣለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የጣለው፣ ሊያሽት የደረሰውን ገብስ ግን አጨደው፤ አባዬ በሜትር የለካው የድንች መደብ እንኳ ጠፍ ሆነ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በባቄላና በጎመን ገፋን፣ ሰኔ ሲመጣ ጎታችን ተሟጠጠ፣ የሚዘራም አልቀረን። ካሳ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። አባዬ አንድ ጠዋት ማጭዱን ይዞ ከዘምዘም ጎታ ፊት ቆመ፣ እማዬ ጀርባዋን ለጎታው ሰጥታ ተቀመጠች። ልጆቼ እየራባቸው ነው ሴትዮ አለ፣ አልጮኸም። ልጆቼም ናቸው አለችው፤ ውሰድ፣ ግን እንደ ሌባ አትውሰድ፣ ተበድረህ ውሰድ አለችው። ከማን እንደሚበደር ሲጠይቃት ተነሥታ ሸህ ሰይድን ልትጠራ ሄደች።

ሸህ ሰይድ መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም፣ በዘምዘም ወኪልነት ከጎታው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አባዬ ጋቢውን አደግድጎ ቆመና በራሱ ላብ ያመረተውን እህል ለዘርና ለቀለብ የሚሆን እንዲያበድሩት፣ ለመኸር እንደሚመልስ ተናገረ። ዋስህ ማነው አሉት። እኔ ነኝ አለች እማዬ። ሽማግሌው ፂማቸውን እየዳበሱ «ዘምዘም ባትመጣስ?» አሉት። እዚያ ቤት ማንም ሲመልሰው ያልሰማሁት ጥያቄ ነበር። አባዬ ወደ ጎታው፣ ከዚያ ወደ በሩ አየ።

«ትመጣለች» አለ።

ሸህ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ያ ረብ፣ ዘምዘምን በሰላም ለአገሯ አብቃት ብለው ዱዓ አደረጉ፣ እማዬም አባዬም አሚን አሉ። ከቤታችን ልታስወጣን የምትችለውን ሴት መምጣት አባቴ በአፉ ሲለምን ሰማሁት። እኔ አሚን አላልኩም፣ በኋላ ግን ካሳ ያንን ገብስ ሲበላ አየሁትና ከደጅ ወጥቼ ብቻዬን አሚን አልኩ።

የዚያ ዓመት ዝናብ አማረ። ኅዳር ላይ አባዬ ማንም ሳያስታውሰው የተበደረውን ጢም ባለ ቁና ሰፍሮ መለሰ፣ የዓመቱንም ድርሻ ጨመረበት፣ ጎታው እስከ አፉ ሞላ።

ዘምዘም የመጣችው በጥር መጨረሻ ነው። እንደፈራሁት ስቀዳ ሳይሆን ደጅ ቆሜ ገብስ ሳሰጣ ነው ያየኋት፤ አንዲት ከሲታ ሴት የእኔን እኩያ ልጅ በእጇ ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፣ እንደምን ዋላችሁ አለች፣ ውኃ ጠየቀች። ማን እንደሆነች የነገረኝ የለም። ዓይኗ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ግቢው ጥግ፣ አባዬ ለጣሪያው ማገር ብሎ የቆረጠው ወይራ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ነበር፣ እዚያ ቆሞ ቀረ፤ ያኔ አወቅኋት። አሊ በሰፈራው በወባ ሞቷል። እሷ ልጇን ከድጃን ይዛ ዓባይን ተሻግራ መጥታለች። ለማየት ያህል ነው፣ አልቀመጥም፣ ወግዲ ያለው ወንድሜ ጋ አልፋለሁ አለች፣ ይህን ስትል ግን እግሯ ከመሬቱ አልነቀል ብሏት ነበር። አባዬ መንሹን እንደያዘ ከአውድማው መጣና ቆመ።

እማዬ እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ዘምዘም እሳት ያልነካቸውን ጉልቻዎቿን አየች፣ ከዚያ ጎታዋን አየች፣ እጇን ከንፈሩ ላይ ስታሳርፍ ጣቶቿ በየምልክታቸው ገቡ። እማዬ እንዲህ አለቻት፤

«ይኼ ያንቺ ነው። ከገባንበት ጀምሮ ድርሻሽን ስናስቀምጥልሽ ነበር። አንዴ ተበድረንሻል፤ መልሰናል።»

ዘምዘም ከታች በኩል የተወተፈውን ጨርቅ ሳብ አደረገችው፣ ገብሱ በመዳፏ ላይ ፈሰሰ። አሸተተችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አሊን በስሙ እየጠራች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ከድጃም አለቀሰች፣ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስኩ። አባዬ ከበሩ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቀና፣ ከሦስት ዓመት በላይ ሲሸሸው የኖረውን ነገር ራሱ ተናገረው፤ መሬቱ ያንቺ ነው፣ ውጣ ካልሽኝ እወጣለሁ አላት።

«አያ ደምሴ፣ በሬ የለኝ፣ ወንድ የለኝ» አለችው ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «እናንተ ወጥታችሁ ማን ሊያርስልኝ ነው?»

ሸህ ሰይድ ተጠርተው መሬቱን እኩል ከፈሉት፤ አባዬ ሁለቱንም ሊያርስ፣ ዘምዘም ከድርሻዋ ዘር ልታወጣ። አባዬ እንግዲህ ዕድሜ ልኩን በግማሽ ጎኑ ጭሰኛ ሆኖ ሊቀር ነው ማለት ነው። ካድሬው ይቺ ደግሞ ማን ናት ብሎ ሲመጣ አባዬ እህቴ ናት አለው። ስንዱ የምትባል ክርስቲያን ያገባ ደምሴ፣ ዘምዘም የምትባል እህት አለችኝ ሲል ወሎ ውስጥ የሚደነቅ የለምና፣ ካድሬው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ዘምዘም በመጣችበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በጉልቻዋ ላይ እሳት አነደደች። እማዬም የራሷን ጉልቻዎች ከዳሱ ነቅላ አስገባችና በሌላው ወገን ተከለቻቸው፣ በአንድ ቤት ሁለት እሳት ነደደ፣ በጭስ ዓይናችን ጠፋ። ዘምዘም ድንገት ከግድግዳው ሥር ያለውን ሳጥን አየችው። ይኼ ለምን ታሰረ፣ መንገደኛ ነሽ እንዴ ብላ ጠየቀች። እማዬ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች። ዘምዘም ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ «ፍቺው እንጂ፣ ቤትሽ አይደል?» አለቻት።

እማዬ ተነሣች። ጠፍሩ ደርቆ እንደ ብረት ሆኖ ነበር፣ በጥርሷ ሁሉ ብትታገለው አልፈታ አላት፣ አባዬ በማጭዱ በጠሰላት። ውስጡ ነጠላዎቿ በብል ተበልተው ነበር፤ እያወጣች ከግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው፣ ቀዳዳቸውን ሳታይ አንድ በአንድ ሰቀለቻቸው። ቤታችን ማለት የጀመርነው ያኔ ነው።

እማዬም አባዬም ዘምዘምም አሁን የሉም። ካሳ ዛሬም ግማሹን ያርሳል፣ በሌላው ግማሽ ላይ ከድጃና ልጆቿ አሉ፣ አውድማቸው አንድ ነው። እኔ ለትምህርት ብዬ ደሴ ገብቼ፣ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስዞር ዕድሜዬን ጨርሼ፣ አሁን ነው ከተማው ዳር መሬት ገዝቼ ቤት የማሠራው። የመጀመሪያ ቀን ሳየው የትልሙ መስመር ገና አልጠፋም ነበር፣ የገብስ ቃርሚያ ቆሞበት ነበር። መሠረት ሲቆፈር አንድ የወፍጮ መጅ ወጣ፣ የያዘችው ሴት እጅ መሀሉን አጎድጉዶታል። ደላላውን የማን እርሻ ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ እትዬ ምን አስጨነቀዎት፣ ካርታው ንጹሕ ነው ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ የዚያን ሊቀመንበር ሳቅ መሰለኝ። ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅሁ፣ የነበሩት ሰዎች ወዴት እንደተነሡ የሚያውቅ አላገኘሁም፣ ስማቸውን እንኳ። እማዬ ቢያንስ የዘምዘምን ስም ታውቅ ነበር፣ ለማን እንደምትሰፍር ታውቅ ነበር።

መጁን አጥቤ መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አናጢው ከፋሲካ በፊት ትገቢያለሽ ይለኛል። ኪራይ ቤቴ ውስጥ ዕቃዬ በካርቶን ታስሮ ተደርድሯል፤ ፍቺው የሚለኝ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።